በሩን የከፈተ ወድቋል

«ውጣ! ውጣልኝ ከቤቴ! አንተ ካልወጣህ እኔ እወጣለሁ!»

መነፅር ቤት ስለምትሠራ ሰው ሁሉ «መነፅር» የሚላት ልጅ ይህን የሰማችው ዓይኗን ሳትገልጥ ነው። መጀመሪያ ህልም መሰላት፤ ቀጥሎ የጎረቤት ጠብ መሰላት፤ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ እንደገና ሲመጣ ግን የእናቷ መሆኑን አወቀችውና ብርድ ልብሱን ወርውራ ተነሳች። ሌባ ገብቷል ብላ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጃንጥላ ይዛ፣ በባዶ እግሯ የእናቷን ክፍል በር በትከሻዋ ገፋችው። ሌባ የለም። እናቷ በሌሊት ልብሷ ላይ ግራጫ ኮቷን ደርባ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ ጣቷን ወደ ገዛ ራሷ ቀስራለች። ልጇን በመስታወቱ አየቻትና ጣቷን አወረደች።

«ዝናብ አለ እንዴ?» አለች ጃንጥላውን እያየች።

«ማንን ነው በጠዋቱ የምታስወጪው?»

«ባሌን።»

ይህ ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ከተነገረ ስንት ዘመኑ! አባቷ ጥሏቸው የሄደው መነፅር ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ በክፉም በደግም የተነሳ ነገር የለም፤ ፎቶው ከግድግዳው ወረደ፣ ሚስማሩ ቀረ፣ ሚስማሩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቀለ፣ በቃ። መነፅር ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የእናቷን ጀርባ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስትጫወት አባቷ ሻንጣውን አንስቶ ምንም ሳይል ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፤ እናቷ ደግሞ ጀርባዋን እንደሰጠቻት የእሱን ሸሚዝ መተኮሷን ቀጠለች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም፣ «ወዴት ነው?» እንኳ አላለችም። ልጅቷ ተነስታ ወደ እናቷ ቀሚስ ስትጠጋ፣ እናትየው ዞር ሳትል፣ «ራቂ፤ ያቃጥልሻል» አለቻት። ይኸው ነው። መነፅር «ብትጠራው ኖሮ ይመለስ ነበር» እያለች አደገች፤ ይህንን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም፣ ለእናቷማ ጨርሶ። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፣ ስለሚያፈሰው ቧንቧ ያወራሉ፣ ስለ ሰው ትዳር ሳይቀር ያወራሉ፤ እዚያች ቀን ጋ ሲደርሱ ግን አንዷ ትነሳና ብርጭቆ ታጥባለች።

«የቴአትሩን ባል ማለቴ ነው» አለች እናት ጉሮሮዋን እየጠረገች። «ወረቀቱ ላይ ያለውን።»

ይህን ሳትጨርስ የውጪው በር ተንኳኳ። ከሥራቸው ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታቸው ናት። ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል፤ ወሬ ከእሷ አንደበት ሳይነሳ የትም አይደርስም። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ፣ አንገቷን በበሩ ክፍተት አስግጋለች።

«ምነው እትዬ፣ ደህና ናችሁ? ማነው የሚወጣው? ልገላግል?»

«ቴአትር ነው። ማንም የለም» አለች እናት።

«ውይ! እኔማ ወንድ ገባ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!»

«ዛሬ ፈተና አለብኝ። ተዋናይ ልሆን ነው።»

ራዲዮ ከእግር ጥፍሯ እስከ ሻሿ ድረስ አየቻት። «በዚህ ዕድሜ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ!» አለችና እየሳቀች ደረጃውን ወረደች። በየፎቁ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። እናትና ልጅ ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ሕንፃው ሁሉ አውቋል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አካባቢ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ እየዞረ የሚያሳይ አንድ የቴአትር ቡድን አለ። ለመጪው ወቅት አዲስ ተዋንያን እንደሚፈትን ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፤ ተፈታኙ የሚለው ቃልም ከሥሩ ተጽፏል። ስንት ዓመት ሙሉ እናት ሆና የምትጫወትላቸው ተዋናይት ጠቅልላ ወደ ልጇ ስለሄደች፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ይፈልጋሉ፤ የምትፈለገው አንዲት ብቻ ናት። እናት ማስታወቂያውን ያየችው መድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ ነው። መድኃኒቷን ረስታ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃን ስታጥብ ታጉተመትማለች፤ ልጇ «እርጅና ነው» ብላ ዝም ብላት ነበር።

«እማዬ፣ ግን ለምን?» አለች መነፅር ሻይ እየቀዳች።

እናት ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ዳቦዋን ቆርሳ ጥቂት አሰበች። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ስተይብ ኖርኩ። ‹ክቡር ሆይ› ብዬ ጀምሬ ‹ከሰላምታ ጋር› ብዬ ከጨረስኩት ደብዳቤ ሁሉ አንዱም የኔ አልነበረም። አሁንም የሰው ቃል ነው፤ ድምፁ ግን የኔ ይሆናል።»

«ባይሳካስ?»

«ባይሳካማ ዕቃዬን አጥባለሁ። እሱን ማን ይነጥቀኛል?»

እንዲህ ትበል እንጂ ትፈልገዋለች። መነፅር እናቷ አንድ ነገር እንዲህ ስትፈልግ አይታት አታውቅም፤ የፈራችውም ይህንኑ ነው። ይስቁባታል። ስታለቅስ ታይታ የማታውቅ ሴት፣ ለቀብር ሄዳ እንኳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት፣ መድረክ ላይ ምን ልታደርግ ነው? እናቷ «ብቻዬን እሄዳለሁ» ብትላትም «እሸኝሻለሁ» ብላ ድርቅ አለች፤ የሆነ ነገር ሲሆን እጇን ይዛ ልታወጣት ነው። የምትሠራበት መነፅር ቤት ደውላ «ጋሼ፣ ዛሬ እናቴን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው» አለች። ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ፦

«ምኔን ነው ያመመኝ?»

«ወገብሽን!»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ ደግፊኝ» አለች እናት፤ ያን ግራጫ ኮቷን ለብሳ፣ ድሮ ለሥራ የምታደርገው ጥቁር ጫማ እግሯን እየቆነጠጣት፣ ከንፈሯን ትንሽ ቀለም ነካ አድርጋ ብቅ ስትል። ቀለሙ የልጇ ነበር። መነፅር ማየቱን አየችው፤ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታሪፉ እንደገና ጨምሮ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ እያጉረመረመ ነው። እናት ግን ታሪፉንም አልሰማች፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድንገት «ውጣልኝ!» የሚለው ቃል አመለጣት። አጠገቧ ቆሞ የነበረው ጎልማሳ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ትኬት ቆራጩ አንገቱን አዙሮ፣ «ማዘር፣ ገና አልደረስንም፤ የሚወጣ የለም!» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። መነፅር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቷ ስትስቅ ሰምታ ግን ዞር አለች። እናቷ አፏን በመሀረብ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ይሄኛውን ሳቅ መቼ ነው የሰማሁት ብላ አሰበች፤ አላገኘችውም።

ቴአትር ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ላይ የጆንያ ክምር የተደገፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ያብረቀርቃል፤ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ላይ ጥቁር ጨርቅ ተወጥሯል። ግቢው ግን ያን ቀን እንደ ንብ ቀፎ ነበር። አንዱ ከቧንቧው ሥር ተንበርክኮ ፍቅሩን ይለምናል፤ አንዷ ከግድግዳ ጋር ተጣልታ ግንባሯን ታሻለች፤ ሁለት ወጣቶች እየተሳሳቁ በጥፊ መመታትን ይለማመዳሉ፣ ጥፊው ሳይነካ የሚጮኸው እንዴት እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያሳያሉ። የተበጠሰ ቁልፏን የምታሰፋ አለች፤ ሆዱን ይዞ ወደ ሽንት ቤት የሚመላለስ አለ። የላብና የሽቶ ሽታ ተቀላቅሏል። ሁሉም ለሁሉም መልካም ዕድል ይመኛል፤ ማንም ከልቡ አይደለም፤ ደስታው ግን ከልብ ነው። መነፅር ሳታስበው ጣቶቿን እያፍተለተለች መሆኗ ታወቃት። የምትፈተነው እሷ ናት እንዴ?

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ድምፅ የአንድ ወፍራም ጎልማሳ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ክንዱ ላይ የዱቄት ምልክት አልለቀቀውም፤ ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል። ሲያንሾካሹክ እንኳ በግቢው ማዶ ይሰማል።

«እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ! ወንበር ለእማማ!»

«እማማ አትበለኝ። እማማ የምሆነው መድረክ ላይ ነው» አለች እናት።

«ይቅርታ፣ እህት ዓለም!» ነጎድጓድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደላት፤ በዙሪያው ያሉት ሳቁ።

አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ረጅም፣ ደልደል ያለች፣ አንገቷ ላይ ትላልቅ ዶቃ ያሰረች ወይዘሮ ናት። በወጣትነቷ ሌላ ቡድን ውስጥ ብዙ ተጫውታለች፤ ዛሬ ለእናትነቱ ቦታ ከመጡት ሁሉ ተፎካካሪዎቿ የሚፈሩት እሷን ነው። ባለዶቃዋ እናትን ከጫማዋ ጀምራ ቃኘቻትና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ልብሽን አታድክሚው፣ እህቴ» አለቻት። «ቦታው የኔ ነው። ለወጉ ያህል ነው የመጣሁት።»

እናት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እኔም ወገቤን አሞኝ ነው የመጣሁት» አለች።

በዚህ ቡድን ልማድ ፈተናው ዝግ አይደለም። ተፈታኙ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ያያል፤ ከተፈታኝ ጋር የመጣውም ይገባል። መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ፤ በስተመሃል ደግሞ ግድግዳ የሌለው በር ብቻውን በክፈፉ ቆሟል፣ ከኋላው በጣውላ ተደግፎ። አዘጋጇ አጭር ሴት ናት፤ ጉንፋን ይዟት አንገቷን በፎጣ ጠምጥማ ከቴርሞስ ትኩስ ውሃ ትጠጣለች። ከወንበሯ ሳትነሳ በሻከረ ድምፅ ደንቡን ተናገረች።

«መጀመሪያ የተሰጣችሁን ቃል ትላላችሁ። ቃል ማንም ይላል፤ በቀቀንም ይላል። ቀጥሎ በሩ ነው። አንድ ሰው በዚህ በር ወጥቶ ይሄዳል፤ ለምን እንደሚሄድ አይናገርም። እናንተ ትቀራላችሁ። እኔ የማየው የቀረውን ነው። ያሻችሁን አድርጉ፣ በሩን መክፈት ብቻ አይቻልም። በሩን የከፈተ ወድቋል።»

መጀመሪያ የተጠራው ነጎድጓድ ነበር። የሚሄደውን ሆኖ አንድ የቡድኑ ልጅ በበሩ ወጣ፤ ነጎድጓድ ቀረና ጮኸ፣ ከዚያም በሩን በሁለት እጁ ሲደበድብ ክፈፉ ከነጣውላው ዘመመ። ሁለት ሠራተኞች ሮጠው ደገፉት። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። አዘጋጇ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «አንተ መቅረት አይሆንልህም። እግርህ ግን ጥሩ ነው። ለቀሩት ሁሉ ሂድልኝ» አለችው። እሱም ቅር ሳይለው፣ ጠፍቶ የነበረ ሥራ እንዳገኘ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ ያን ቀን ሙሉ ሲሄድ ዋለ። ወንዶቹንም ሴቶቹንም ጥሏቸው ሄደ። በሩን ይዘጋል፣ ከበስተኋላው ባለው የእንጨት ደረጃ ዱብ ዱብ እያለ ይወርዳል፣ ዞሮ ይመለሳል።

የቀሩትም ሁሉም በሩ ላይ ነው የሚወድቁት። አንዷ ሥሩ ተደፋች፤ አንዱ ጆሮውን ለጠፈበት፤ አንዷ ተንሰቅስቃ መያዣውን ጨበጠችና ሳታውቀው ከፈተችው፣ ወዲያው ትዝ ሲላት «ውይ!» ብላ እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀመረች። ባለዶቃዋ ስትወጣ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ቃሉን ስትለው ያ የተለጠፈ ጽሑፍ ሥጋ ለበሰ። በሩ ሲዘጋባት እንደ ዛፍ ቀስ ብላ ዘመመች፤ ጉልበቷ ተራ በተራ መሬት ነካ፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ልቅሶ የመነፅርን ክንድ ውርር አደረገው። ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። ባለዶቃዋ ተነስታ አቧራዋን አራግፋ ስትወርድ በእናት አጠገብ አለፈችና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ እንደ ማጽናናት።

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች መነፅር በጆሮዋ። «ካየሽው ይበቃል።»

እናት ተነስታለች። ስሟ ተጠርቶ ነበር።

ደረጃውን በጎን በኩል ስትወጣ ጫማዋ ቋ፣ ቋ ይላል። ወንበሩን አስተካከለች፣ ቦርሳዋን እላዩ ላይ አስቀመጠች፣ እጆቿን ከፊቷ አጣመረች። «ውጣ። ውጣልኝ ከቤቴ። አንተ ካልወጣህ እኔ እወጣለሁ።» ጠዋት ግድግዳ ያናወጠው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ! እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ፣ ሆሄው ሳይቀር ተስተካክሎ፣ ልክ በተማሪ ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ እንደሚነበብ ወጣ። ከኋላ በኩል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ፊት ተዛመተ።

«እማማ፣ ለተማሪ ነው የሚያነቡት?» አለች አዘጋጇ። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነው።

መነፅር ከወንበሯ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አሁን ወጥታ እጇን ልትይዝ ነው። እናት ግን ፈገግ ብላ፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ይቅርታ» አለችና ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ከቦርሳው ጎን አኖረች። የሸሚዟን እጅጌ ሰበሰበች። ጠረጴዛውን ጎተተችው፤ ጀርባዋ ለበሩ፣ ፊቷ ለተመልካቹ እስኪሆን ድረስ። ይህን ያደረገ ተፈታኝ ያን ቀን አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ በሩን እያየ ነው የቆመው።

«ዝግጁ ነዎት?»

«ይሂድ» አለች።

ነጎድጓድ ምናባዊ ሻንጣውን አነሳ። እናት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ጨብጣ አነሳችው፣ ጣቷን በምራቋ ነክታ ከጭብጧ ሥር ቸስ አድርጋ ነካችውና መለሰች። የያዘችው ነገር የለም። አዳራሹ ግን ካውያውን አየው። አንገትጌውን ጀመረች። በግራ እጇ ትወጥራለች፣ በቀኟ ትገፋለች፤ ጨርቁ ሲሞቅ የሚወጣው ሽታ የሸተተው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ነጎድጓድ ከኋላዋ አለፈ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እግሩ ደረጃው ላይ ዱብ፣ ዱብ አለ።

መነፅር ይህን ቤት ታውቀዋለች። ይህን ጠረጴዛ ታውቀዋለች። ያኔ ወለሉ ላይ ሆና ያየችው የእናቷን ጀርባ ነበር፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ግድግዳ የተዘጋ። ዛሬ ግን የተቀመጠችው ከግድግዳው ወዲህ ነው፤ ያ ጀርባ ፊት ነበረው። እናቷ አታለቅስም። ፊቷ እየሰማ ነው። ከደረጃው እያንዳንዱ ዱብታ ጋር አንድ ነገር ከጉንጯ ላይ ይረግፋል፤ ከንፈሯ ይከፈታል፣ ስም ሊጠራ ጫፍ ይደርሳል፣ ይዘጋል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት እንደ ገመድ ይወጠራል። እጇ ግን አልቆመም። እጅጌውን አገላብጣ ተኮሰች፣ ከዚያ ሌላውን። ነጎድጓድ መውረዱን ጨረሰ። ጸጥታ ሆነ። ካውያው አየር ላይ ቆመ፤ ዓይኗ ሞላ፤ ሊፈስ ነው ሲባል ከኋላዋ፣ ከወለሉ ላይ፣ ማንም ያላየው አንድ ነገር ተንቀሳቀሰባት። ፊቷ በቅጽበት እንደ መጋረጃ ተዘጋ። ዞር ሳትል፣ ምንም በሌለበት፣ ሰላማዊና ደረቅ በሆነ በዚያ የድሮ ድምፅ፣

«ራቂ፤ ያቃጥልሻል» አለች።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ መነፅር እግሮቿን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበች።

እናት ሸሚዙን አነሳች፣ ከትከሻው ይዛ አራገፈችው፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችው። በእጇ ጀርባ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች፤ ይህ ደግሞ መጨረሻው መሆኑን ሁሉም አወቀ፣ ማንም ግን አላጨበጨበም። ከበሩ በስተኋላ የአፍንጫ መሳብ ድምፅ ተሰማና የነጎድጓድ ራስ በክፈፉ ጎን ብቅ አለ።

«እኔ እኮ የእውነት የሄድኩ መሰለኝ!» አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ልመለስ ፈልጌ ነበር፣ ማርያምን! ደንቡ ነው የያዘኝ!»

ያን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ያጨበጨበችው ባለዶቃዋ ናት፤ «ተበላሁ! አቤት፣ እንዴት ያለ አበላል ነው የተበላሁት!» እያለች አጠገቧ ያለውን በክርኗ ትጎስማለች። ጥፊ ሲለማመዱ የነበሩት ወጣቶች ያፏጫሉ፤ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቷል። መነፅር መቆሟን ያወቀችው ከኋላዋ ያለው ሰው «ተቀመጪ፣ ከለልሽኝ» ሲላት ነው። ጉንጯ እርጥብ ነበር። እየሳቀችም ነበር። «እናቴ ናት!» አለችው፤ ሰውዬው አልሰማትም፤ ጮክ ብላ ደገመችው፣ «እናቴ እኮ ናት!» ጠዋት ለአለቃዋ በስልክ የዋሸችው ያ ነገር አሁን ትዝ አላት፤ ከዚህ ወጥታ መጀመሪያ የምታደርገው እሱን ማስተካከል ነው።

አዘጋጇ ፎጣውን ከአንገቷ ፈታች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ውጤት የሚነገረው እኮ ከፈተናው በኋላ...» ሲል በእጇ አስቆመችው።

«ሰኞ ጠዋት ልምምድ ይጀመራል፣ እማማ። አያርፍዱ። ጫማውን ግን ይለውጡት፤ የመጀመሪያዋ ከተማ ላይ ሳንደርስ እግርዎን ይጨርሰዋል።»

እናት ኮቷን እየለበሰች ነበር። አንዱ እጅጌ ላይ ክንዷ ቀረ። «እኔ?» አለች። «እርስዎ» ሲሏት አፏን በመሀረብ ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ከሩቅ አይለይም። ነጎድጓድ ጠረጴዛውን ከፊቷ አንስቶ፣ «ማዘር፣ በየከተማው እኔ ነኝ የምሄድልዎት! ሌላ ሰው አይሄድም!» ይላል። እሱ ማለፉን ገና ማንም አልነገረውም።

ጫጫታው ሲበርድ አዘጋጇ ወደ መድረኩ ጫፍ ተጠጋች። ጉንፋኗን ረስታዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ከየት አመጡት? ያቺን ሕፃን? ማን አሳየዎት?»

አዳራሹ ሁሉ ለመስማት አንገቱን አሰገገ። ከሁሉ ይልቅ ያሰገገችው መነፅር ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ በሰው አፍ፣ ሰው በተሞላበት አዳራሽ ተጠይቋል። እናት ቀና ብላ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሰች፤ ቆመች። ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ይሁን አይሆንም ማለቷ፣ እሷም አላወቀችው። እናት ፈገግ አለች። ከጠዋቱ የከንፈር ቀለም ትንሽ ቀርቷል።

ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳች፣ የኮቷን አንገትጌ አስተካከለች። የጎኑ ደረጃ በቀኟ ነበር፤ በወጣችበት ልትወርድ ትችላለች። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጠቻቸውና በመድረኩ መሃል፣ ጫማዋ ቋ፣ ቋ እያለ፣ ግድግዳ ወደሌለው በር ሄደች። መያዣውን ያዘች። አንዱ ሳያስበው «ኧረ በሩን!» አለ፤ የመቅረት ፈተናዋ ግን አልቋል። ከፈተችው፣ ወጣች፣ ከኋላዋም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።